ስለ ተጠረገው ባዶ ቤት

ጌታችን በወንጌል ካስተማራቸው ምሳሌዎች አንዳንዶቹ በሰው ሁሉ አፍ ይነገራሉ። የጠፋው ልጅ፥ ደጉ ሳምራዊ፥ ዐሥሩ ደናግል በሕፃን ልቡና እንኳ ተስለው ይኖራሉ። አንዲት ምሳሌ ግን አጭር በመሆኗ፥ ደግሞም ስለ ርኩስ መንፈስ የምትናገር በመሆኗ፥ አንባቢ ፈጥኖ ያልፋታል። እርሷም በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 12 ከቍጥር 43 እስከ 45፥ በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 11 ከቍጥር 24 እስከ 26 የተጻፈችው የባዶው ቤት ምሳሌ ናት። እኔ እንደሚመስለኝ፥ ራሱን ለመግዛት ለሚታገል ሰው ከዚህች ምሳሌ የሚሻል መምህር አይገኝም። ዳሩ ግን ስለ ራስ መግዛት ዛሬ በብዙ ቦታ የሚሰጠው ተግሣጽ ከዚህች ምሳሌ ጋራ የተጣላ ነው። ይህን ጠብ በግልጥ ማሳየት ተገቢ መስሎ ስለ ታየኝ ብዕሬን አነሣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ርኩስ መንፈስ ከሰው ይወጣና ውኃ በሌለበት ምድር ሲዞር ይቆያል፤ ማረፊያ ፈልጎ ያጣል። በዚህ ጊዜ ወደ ወጣበት ቤት መመለስን ያስባል። በደረሰም ጊዜ ቤቱ ተጠርጎ አጊጦ ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን ባዶ ነው። ስለዚህ ሄዶ ከእርሱ የከፉ ሌሎች ሰባት መናፍስትን አስከትሎ ይመጣል፤ ገብተውም ይሰፍራሉ። የዚያም ሰው መጨረሻው ከመጀመሪያው ይልቅ የከፋ ይሆናል።

እንግዲህ እንጠይቅ። የዚህ ቤት ጥፋቱ ምን ነበር? ቆሻሻ ነበርን? አልነበረም፤ ተጠርጓል። ጌጥ የጐደለው ነበርን? አልነበረም፤ እኛ በበዓል ቀን ቄጠማ እንደምንጐዘጕዝ ሁሉ እርሱም አጊጦ ነበር። ባለቤቱስ ሰነፍ ነበርን? መጥረጊያ ይዞ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን የጠረገ ሰው ሰነፍ አይባልም። ምሳሌው በዚህ ቤት ላይ የሚቈጥረው ጥፋት አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም በውስጡ የሚኖር አለመኖሩ ነው።

ይህን በልባችን ይዘን የዛሬውን ተግሣጽ እንመልከት። ሰባኪው ይቆማል፤ መጠጥ ተው፥ ጫት ተው፥ ዝሙት ተው፥ ሐሜት ተው፥ ሌሊቱን ሙሉ በስልክ ላይ አፍጥጦ ማደርን ተው ይላል። የሚለው ሁሉ እውነት ነው፤ ከቃሉ አንዱን ስንኳ ሐሰት ነው ሊል የሚችል የለም። ነገር ግን ተው ካለ በኋላ ዝም ይላል። ሰሚውም ልቡ ተነክቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፥ መጥረጊያውን ያነሣል፥ ይጠርጋል፥ አንድ ሳምንት ወይም አንድ ወር በባዶው ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችን እናውቃለን። በወደቀም ጊዜ ያው ሰባኪ ፈቃድህ ደካማ ነው፥ እምነትህ ጐደሎ ነው ብሎ ይፈርድበታል። እኔ ግን ፍርዱ ተገልብጧል እላለሁ። ሰውየው የታዘዘውን አድርጓል፤ የጐደለው ትእዛዙ ነው።

ገና ከመጀመሬ አንድ ተቃዋሚ ሊያቋርጠኝ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ይህ ምሳሌ ስለ አንድ ሰው ልብ የተነገረ አይደለም፤ ጌታ ነገሩን ሲፈጽም ለዚያ ክፉ ትውልድ እንዲህ እንደሚሆንበት ተናግሯልና፥ የተነገረው በዚያ ዘመን ስለ ነበሩት ሰዎች ነው ይለኛል። መልሴም ይህ ነው። በማቴዎስ ወንጌል እንደዚያ ተጽፏል፤ አልክድም። ሉቃስ ግን ያንኑ ምሳሌ ሲጽፍ ስለ ትውልድ የተነገረውን ቃል በዚያ ቦታ አላኖረም፤ ነገሩን የዚያ ሰው መጨረሻ ከፋ በማለት ፈጽሞታል። ስለዚህ ከሁለቱ ወንጌላውያን አንደኛው ምሳሌውን ለሕዝብ፥ ሁለተኛው ለአንድ ሰው ትቶልናል። ትውልድስ ቢሆን ከሰዎች ልብ በቀር ከምን ይሠራል?

ደግሞ የአገራችን የትርጓሜ ሊቃውንት አንዱን ቃል አንድ ጊዜ ፈትተው አይተዉትም፤ አንድም እያሉ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያመጣሉ እንጂ። ስለ ሕዝብ የተነገረው ስለ ነፍስም እንደሚነገር፥ በውጭ የሆነው በውስጥም እንደሚሆን የቆየ ትምህርታቸው ነው። ከአራቱ ጉባኤያት አንዱ የመነኮሳት መጻሕፍት ጉባኤ መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። ማር ይስሐቅ፥ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የሚነግሩን ሁሉ ስለዚህ ስለ ውስጡ ቤት ነው። ስለዚህ ምሳሌውን ወደ ልባችን መመለስ የትናንት ፈጠራ አይደለም። እውነቱን ለመናገር፥ ምሳሌውን ለሌላ ትውልድ ብቻ የሚሰጥ ሰው የሚወደው በጎረቤት ቤት ላይ ስለሚወድቅለት ነው።

አሁን ወደ ቃሉ እንግባ። ማቴዎስ ባዶ ብሎ የጻፈው ቃል በጽርዕ ስኮላዞንታ ይባላል። ይህ ቃል ዕቃ የሌለበት ማለት ብቻ አይደለም፤ ሥራ የሌለው፥ ጊዜው ያልተያዘ፥ ዕረፍት ላይ ያለ ማለት ነው። ፈረንጆች ትምህርት ቤትን የሚጠሩበት ስም እንኳ ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ በጥንት ጽርዓውያን ዘንድ ለመማር ጊዜ የሚያገኝ ከጕልበት ሥራ ያረፈ ሰው ነበረና። በእኛ ቋንቋ ብናመጣው ቤቱ ሥራ ፈት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ሥራ ፈት መሆን የሚያመጣውን ጣጣ ደግሞ ያገራችን ሰው ከመጽሐፍ ሳይጠብቅ ያውቀዋል፤ ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት ብሎ ይቀልዳልና። የዚህች ተረት እናት ክፉ ሴት አይደለችም። እጇ የሚይዘው ስላጣ ብቻ የልጇን ትዳር ለማፍረስ ተነሣች።

በገጠር ያደገ ሰውም ሌላ ምስክር ይጨምርልኛል። የሣር ክዳን ቤት ሰው እየኖረበት ሲቆይ ከምድጃው የሚወጣው ጢስ ክዳኑን ያጠቍረዋል፥ ነቀዙንና ምስጡን ያርቅለታል። ባለቤቱ ዘግቶት ሲሄድ ግን፥ የሚያቆሽሸው ሰው ባይኖርም፥ ቤቱ መሞት ይጀምራል። ጢሱ ሲጠፋ ምስጥ ማገሩን ይበላዋል፥ ዝናብ ሣሩን ያበሰብሰዋል፥ የሌሊት ወፍ ይሰፍርበታል። ይህን ዓይነቱን ቤት ወና ይሉታል፤ ወና ቤት የጋኔን ማደሪያ ነው እያሉም ልጆችን ወደዚያ እንዳይቀርቡ ያስፈራሩበታል። እንግዲህ ቤትን ከጥፋት የሚጠብቀው መጥረጊያው አይደለም፤ በውስጡ የሚነድደው እሳት ነው።

በምሳሌው ውስጥ ከዚህ የሚያስፈራ ሌላ ነገር አለ። ርኩሱ መንፈስ ከወጣ በኋላም ያንን ቤት ቤቴ ብሎ ይጠራዋል። ተባሮ ሳለ የባለቤትነት ቃል የሚናገርበት ምክንያት ምንድን ነው? በእርሱ ፋንታ ቤቴ የሚል ሌላ ስለ ሌለ ነው። የሚኖርበት ሲጠፋ የቀድሞው ነዋሪ አሳብ ወደዚያው ይመለሳል። አንድ ሰው አረቄ እተዋለሁ ብሎ ቢምልና የሚጠጣበትን ሰዓት ባዶ ቢተወው፥ ማታ 12 ሰዓት በደረሰ ጊዜ ያ ሰዓት አሁንም የአረቄው ነው። ሰውየው በጠርሙሱ ፊት ባይቀመጥም ስለ ጠርሙሱ ሲያስብ ያመሻል። ወዳጆቹ እዚያው ናቸው፤ እርሱ ብቻውን ከግድግዳ ጋራ ተፋጥጧል። በመሐላው ከመጠጥ ቤቱ ወጥቷል፤ የሚገባበት ሌላ በር ግን አልተከፈተለትም።

ይህ ነገር በጾማችን ላይ እንዴት እንደሚታይ ልናገር። የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው። ከእርሱ አስቀድሞ ቅበላ ይመጣል፤ ሰው ለጾሙ ስንቅ እንደሚይዝ ሆኖ ከሥጋውም ከመጠጡም ያግበሰብሳል። ከዚያ በኋላ 55 ቀን ይጠረጋል። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ የቀረውን ሁሉ በአንድ ቀን ለማስመለስ የሚቸኵል ብዙ ነው፤ ሆዱን ታሞ የሚውለውም ጥቂት አይደለም። እኔ ጾምን ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ ጾም የአባቶች ሥርዓት ነው፥ ጠቃሚነቱንም አምናለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በእነዚያ 55 ቀኖች ውስጥ ሥጋና ቅቤ በተነሡበት ቦታ ምን ገባ? ምንም ካልገባ፥ ሆዳችን 55 ቀን ፋሲካን ሲጠብቅ ከረመ እንጂ አልጾመም።

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠው ጾም ምን እንደ ሆነ ሲናገር በምግብ ዝርዝር አይጀምርም። የበደልን እስራት መፍታት፥ የተጨቈኑትን አርነት ማውጣት፥ እንጀራን ለተራበ መቍረስ፥ ቤት የሌለውን ድኻ ወደ ቤት ማስገባት ነው ይላል። ልብ በሉ፥ የኢሳይያስ ጾም እንግዳ የሚገባበት ቤት ነው። ጌታም በተራራው ስብከት ጾምን ለብቻው አላስተማረም፤ በማቴዎስ ምዕራፍ 6 ምጽዋትን፥ ጸሎትንና ጾምን አከታትሎ አስተማረ። እኛ ግን ከሦስቱ አንዱን፥ እርሱንም ለሆድ ብቻ የሚሆነውን ወስደን፥ ሁለቱን ለፈለገ ሰው ተውናቸው። ከምግባችን የተረፈው ገንዘብ ወዴት እንደ ሄደ ቢጠየቅ ብዙዎቻችን በፋሲካው በግ ዋጋ ውስጥ እናገኘዋለን።

የበረሓ አባቶች ይህን ፈተና ከእኛ ይልቅ ያውቁት ነበር፤ ከሰው ርቀው፥ ከሚስትና ከልጅ፥ ከገበያና ከማዕድ ተለይተው ቤታቸውን ከማንም ይልቅ የጠረጉ እነርሱ ናቸውና። ነገር ግን ባዶ አልተዉትም። ስለ አባ እንጦንስ የሚነገር አንድ ነገር አለ። በበረሓ ተቀምጦ ሳለ መሰልቸትና የአሳብ ጨለማ በወደቀበት ጊዜ ምን ላድርግ ብሎ ጸለየ። ጥቂት ቆይቶ እርሱን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጐነጕን፥ ከሥራው ተነሥቶ ሲጸልይ፥ ዳግመኛ ተቀምጦ ሲሠራ አየ። የተሰጠው መልስ ይህ ነበር። ክፉውን አሳብ አታስብ አልተባለም፤ እጁ ገመዱን፥ አፉ ጸሎቱን እንዲይዝ ታየው እንጂ። የግብፅ መነኮሳት ቅርጫትና ሰሌን እየሠሩ መዝሙር ይደግሙ የነበሩት ለገበያ ብቻ ብለው አልነበረም።

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ399 በግብፅ በረሓ ያረፈው ኤዋግሪዮስ ደግሞ የሰባቱን መናፍስት ምሥጢር የሚገልጥልን ይመስለኛል። እርሱ ሰውን የሚዋጉትን ክፉ አሳቦች ስምንት አድርጎ ቈጠራቸው፤ በሆዳምነት ጀምሮ በትዕቢት ጨረሰ። ስለ ከንቱ ውዳሴ ሲናገርም ሌሎቹ አጋንንት ሁሉ ያሳድዱታል፤ እነርሱ በወደቁ ጊዜ ግን ያለ ኀፍረት ቀርቦ ለመነኵሴው የምግባሩን ብዛት ይዘረዝርለታል ይላል። እነሆ፥ ከፊተኛው የከፋ የተባለው ማን እንደ ሆነ ታወቀ። ስካር ከወጣበት ባዶ ቤት የሚገባው ስካር ብቻ ቢሆን ኖሮ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋራ እኩል በሆነ ነበር። የሚገባው ግን እኔ ሰካራም አይደለሁም የሚለው ነው፤ ጎረቤቱን በማዕዱ የሚመዝነው፥ ሚስቱን ባለመጾሟ የሚያዋርዳት፥ ልጁ በሳተ ጊዜ የማይምረው ነው። ሰካራሙ በጠዋት ያፍር ነበር፤ ይህ ግን አያፍርም። ስለዚህ ከፋ ተባለ። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈራችን ስንት አለ? አልጠጣ፥ አልበላ፥ አልሳቀ፥ ማንንም ግን አልወደደ።

የአባቶችን ቃል ለማይቀበል ሰው ደግሞ የዛሬ ሊቃውንት የመረመሩትን ልጥቀስለት። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1987 ዳንኤል ዌግነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅና ባልደረቦቹ አንድ ፈተና አተሙ። ለተማሪዎች 5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፥ ባሰቡም ቍጥር ደወል እንዲመቱ ነገሯቸው። ተማሪዎቹ አላስብም እያሉ ደወሉን ደጋግመው መቱት። ከዚያ በኋላ ስለ ድቡ እንዲያስቡ በተፈቀደላቸው ጊዜ፥ ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ሰዎች ይልቅ ድቡ አብዝቶ መጣባቸው። የተባረረው ከነጓደኞቹ ተመለሰ ማለት ነው። በሁለተኛው ፈተና ግን ለአንዳንዶቹ፥ ድቡ በአሳባችሁ በመጣ ጊዜ በእርሱ ፋንታ አንድ ቀይ የቮልስዋገን መኪና አስቡ ተባሉ። ለእነዚህ የድቡ መመለስ ቀነሰላቸው። መኪናው ቅዱስ አይደለም፤ ነገር ግን ቦታውን ያዘ። እንግዲህ ከንቱ የሆነ የመኪና አሳብ ይህን ያህል ከረዳ፥ ቤቱን የእግዚአብሔር ፍቅርና የሰው ፍቅር ቢይዘውስ?

ሌላም ታሪክ አለ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በግንቦት 1935 ዊልያም ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ ሰው በኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ቆሞ ነበር። ለብዙ ዘመን በመጠጥ የተጐዳ ሲሆን ከተወው ገና 5 ወር ያህሉ ነበር። ለንግድ የመጣበት ጕዳይ ከሽፎበት ብቻውን ቀርቷል፤ ከመጠጥ ቤቱ በኩል የሰው ጫጫታና ሳቅ ይሰማዋል። በዚያች ሰዓት አልጠጣም ብሎ ከራሱ ጋራ ሲታገል አልቆመም። ወደ ስልኩ ሄደና በከተማው ላለ አንድ ቄስ ደውሎ፥ እንደ እርሱ በመጠጥ የሚሠቃይ ሌላ ሰው እንዲያገናኙት ለመነ። ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ በማግሥቱ ሮበርት ስሚዝ ከሚባል ሐኪም ጋራ ተገናኘ። ሐኪሙ ለ15 ደቂቃ ብቻ ብሎ መጣ፤ ለብዙ ሰዓት ተነጋገሩ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ፥ በሰኔ ወር፥ ስሚዝ ለመጨረሻ ጊዜ ጠጣ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ሞተበት እስከ 1950 አልቀመሰም። ዛሬ በብዙ አገር የታወቀው የመጠጥ ሱሰኞች መረዳጃ ማኅበር ከሁለቱ ሰዎች ጭውውት ተወለደ። ልብ በሉ፤ ዊልሰንን በዚያች ማታ ያዳነው የከለከለው ነገር አይደለም፥ የፈለገው ሰው ነው። ባዶውን ሰዓት ወንድም አስገባበት።

አሁን ደግሞ ሁለተኛው ተቃዋሚ ይነሣ። ይህ ትምህርት ሥርዓትን ያላላል፤ ሰው መተውን ሳይማር መልካም ሥራ ብቻ አድርግ ብትለው ሁለቱን ቀላቅሎ ይኖራል ይለኛል። እውነት አለው፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ልመልስለት። መጥረግ የማያስፈልግ ነው አላልሁም። በጕድፍ መካከል የከበረ እንግዳ አይቀመጥም። ምሳሌውም መጥረጊያውን አልነቀፈም። የምለው መጥረጊያ ነዋሪ አይደለም ነው። ጠርጎ የጨረሰ ሰው መጥረጊያውን በቤቱ መካከል አቁሞ ይኸው ባለቤት አገኘሁ ቢል ይሣቅበታል፤ እኛም ክልከላችንን በልባችን ዙፋን ላይ አስቀምጠን ሃይማኖት ብለን ጠራነው።

የሐዋርያትንም ቃል ብንመረምር ይህንኑ እናገኛለን። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በምዕራፍ 5 የመንፈስን ፍሬ ሲዘረዝር ዘጠኝ ነገር ይቈጥራል። ፍቅር የመጀመሪያው ነው፤ ራስን መግዛት ዘጠነኛውና የመጨረሻው ነው። ስሙንም ፍሬ አለው እንጂ መሣሪያ አላለውም፤ ፍሬ ደግሞ ሥር ካለው ዛፍ ይለቀማል እንጂ ከባዶ መሬት አይታፈስም። ቅዱስ ጴጥሮስ በሁለተኛው መልእክቱ በምዕራፍ 1 በሌላ ሥርዓት ይደረድረዋል የሚለኝ ቢኖር፥ አዎን፥ በዚያ ራስን መግዛት አራተኛ ነው፤ ከበታቹ እምነት፥ በጎነትና ዕውቀት አሉ፥ ከበላዩም እስከ ፍቅር የሚያደርስ መሰላል አለ። እንግዲህ በአንዱ ሐዋርያ ዘንድ መጨረሻ፥ በሁለተኛው ዘንድ መካከል ነው፤ በማንኛቸውም ዘንድ መጀመሪያ አይደለም። እኛ ግን ከእርሱ ጀምረን በእርሱ እንጨርሳለን።

ሦስተኛ ወገንም አለ፤ እርሱም በየመጽሐፍ መሸጫው ራስህን በራስህ አሸንፍ እያለ የሚያስተምረው ነው። ይህ ወገን ቤቱ መያዝ እንዳለበት ይስማማል፤ ነገር ግን በዕቅድ፥ በገንዘብ ምኞትና በዝና ይሞላዋል። ለእርሱ የምመልሰው ከሉቃስ ወንጌል ነው። ከባዶው ቤት ምሳሌ ጥቂት ቀደም ብሎ ሌላ ምሳሌ ተጽፏል፤ ኃይለኛ ሰው የጦር መሣሪያውን ይዞ ግቢውን ሲጠብቅ፥ ከእርሱ የሚበረታ መጥቶ ያሸንፈዋል። ስለዚህ ጥያቄው ቤቱ ተይዟልን ብቻ አይደለም፤ ማን ያዘው ነው። አረቄን ትቶ ገንዘብ ማምለክ ነዋሪ መለወጥ እንጂ ራስን መግዛት አይደለም። ከእኛ የሚበረታው እስኪገባ ድረስ ጠላት ጠላትን ሲተካ እንኖራለን። ለዚህ እንግዳ በሩን መክፈት የእኛ ፈንታ ነው፤ ቤቱን ማጽናት የእርሱ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ነገሬን በነቀፋ ብቻ ብጨርስ እኔም የነቀፍሁትን ማድረጌ ነውና፥ መጥረጊያዬን አስቀምጬ አንድ ነገር ላቅርብ። ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በምዕራፍ 4 ስለ ሌባ ሲጽፍ አይስረቅ ብሎ አላቆመም። በእጁ ይሥራ አለ፤ በዚህም አላቆመም፥ ለሚያስፈልገው ሰው የሚያካፍለው እንዲኖረው አለ። እነሆ የፍጹም ተግሣጽ መልክ ይህ ነው። የሚተወው ተነገረው፤ የሚሠራው ተነገረው፤ የሚሠራለት ሰውም ተነገረው። ሲወስድ የኖረው እጅ እንዲሰጥ ታዘዘ። ዘኬዎስም ጌታን በቤቱ በተቀበለ ቀን ከእንግዲህ አልቀማም ብሎ ብቻ አልተቀመጠም፤ የሀብቱን እኩሌታ ለድኾች ሰጠ፥ የበደላቸውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። ቤቱ በእንግዳና በሥራ ተሞላ፤ የቀድሞው ገንዘብ ወዳድነት ቢመለስ ወዴት ይግባ?

ስለዚህ በዐውደ ምሕረት ለሚቆሙ መምህራንና ለንስሐ አባቶች በትሕትና፥ ነገር ግን በግልጥ እላለሁ። ተው ከሚለው ቃል ጋራ አድርግ የሚለውን ሳያጣምሩ ማንንም ወደ ቤቱ አይስደዱ። ሰካራሙን መጠጥ ተው ባሉት ጊዜ ያን ባዶ ሰዓት የት እንደሚያሳልፈው አብረው ይወስኑለት፤ በዚያ ሰዓት የሚጠይቀው በሽተኛ፥ የሚያስጠናው ልጅ፥ የሚያገለግልበት ማኅበር ይስጡት። ሐሜተኛዋን ዝም በዪ ካሏት በኋላ ላማቻት ሴት የምታደርገውን መልካም ነገር ይዘዙላት። ጫት የሚቅመውን ወጣት ሲገሥጹ ወጣቱ ከቃሚዎቹ ጋራ ያገኘው ወዳጅነት እንደ ሆነ ይወቁ፤ ሌላ ወዳጅነት ሳያዘጋጁለት ከዚያ ቢያወጡት ወደ ብቸኝነት አስወጥተውታል። ቀኖናውም የስግደት ቍጥር ብቻ አይሁን፤ የተበደለ ካለ ወደ ተበደለው የሚያስሄድ ይሁን። ይህ አዲስ ሸክም የሚመስለው ካለ፥ የወደቀውን ሰው ደግሞ ደጋግሞ ከመገሠጽ ይልቅ ይቀልላል።

አንባቢ ሆይ፥ ለአንተ ደግሞ ይህን እላለሁ። ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ ጠርገህ ብዙ ጊዜ ወድቀህ ይሆናል፤ ምናልባትም እኔ ፈቃድ የሌለኝ ሰው ነኝ ብለህ በራስህ ላይ ፈርደህ ይሆናል። ፈቃድ የሌለው ሰው ያን ያህል ጊዜ አይጠርግም። ወደ ልብህ ግባና ክፉው ምንድን ነው ብለህ ሳይሆን፥ ከወጣ በኋላ ማን ይቀመጥበታል ብለህ ጠይቅ። ዛሬ ማታ ያቺ የምታውቃት ሰዓት ትመጣለች። ከእርሷ አስቀድመህ አንድ ሰው፥ አንድ ሥራ፥ አንድ ጸሎት አስገባባት። ያ የቀድሞው እንግዳ እንደ ልማዱ ቤቴ እያለ መምጣቱ አይቀርምና፥ በደረሰ ጊዜ ምድጃው ነዶ፥ ጢሱ ከክዳኑ ሲወጣ ይየው።